አብሮ የሚበላ መካሪ



ይህችን ጽሑፍ የምጀምረው በራሴ ጥፋት ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት በማስተምርበት መድረሳ አንዲት የ16 ዓመት ተማሪ ነበረች። ቁርኣን ያኸተመች፣ በጸባይዋም የተመሰገነች ልጅ ነች። ሰኞና ሐሙስ መጾም ጀመረች፤ ቆየት ብላም ከሰኞና ሐሙስ አልፋ በየቀኑ መጾም ያዘች። እኔም አንድ ቀን ተማሪዎቹ በተሰበሰቡበት «እንደሷ ሁኑ» ብዬ አመሰገንኳት። ልጅቱ አንገቷን ደፋች። እኔ ትሕትና መሰለኝ።

ሁለት ወር ያህል ካለፈ በኋላ እናቷ ወደኔ መጣች።

«ኡስታዝ፣ እባክዎ ልጄን ይምከሩልኝ» አለችኝ።

«ምን አጠፋች እህቴ?»

«አትበላም። ማታ ሦስት ተምርና ውኃ ቀምሳ ከማዕድ ትነሳለች። ተቆጥቼ ካበላኋት ሽንት ቤት ገብታ ታስመልሰዋለች። ቀሚሷ ሰፍቷት በመርፌ ቁልፍ ይዛው ነው የምትሄደው፤ እሷ ግን ወፈርኩ ትላለች። ተዪ ስላት ደግሞ ‹ኡስታዝ ያመሰገነኝን ጾም አንቺ ትከለክይኛለሽ ወይ?› ትለኛለች።»

በዚያን ዕለት የተሰማኝን እፍረት አላህ ያውቀዋል። ልጅቱን የያዛት በሽታ ነበር። በሽታው የጾምን ካባ ለብሶ መጣ፤ ካባውን በሰው ፊት ያሳመርኩለት ደግሞ እኔ ነበርኩ። እናትየዋ ምከሩልኝ ስትለኝ ምን ብዬ እንደምመክር አላወቅሁም። በማግሥቱ ልጅቱን ጠርቼ ስለ አካል አማና ረጅም ንግግር አደረግሁላት። እሺ ብላ ሄደች፤ ከዚያም ሳምንት ሙሉ ከመድረሳ ቀረች።

ኪታቦቼን መግለጥና ሐኪሞችን መጠየቅ የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። ምግብ ለተጣላው ሰው ምክር መስጠት ከጥንት ጀምሮ ታሪክ ያለው ነገር ሆኖ አገኘሁት። ከዚህ ታሪክ የተማርኩትን ለወላጆችና እንደኔ ላሉ አስተማሪዎች ላካፍል ወደድኩ።

የሰልማን ማዕድ

ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) በመዲና ሰልማን አል-ፋሪሲንና አቡ ደርዳእን (ረዲየላሁ ዐንሁማ) ወንድማማች አድርገዋቸው ነበር። ኢማሙ ቡኻሪ እንደዘገቡት ሰልማን አንድ ቀን ወንድሙን ሊጠይቅ ሲሄድ የአቡ ደርዳእን ባለቤት ራሷን ጥላ አገኛት። ምን ሆነሽ ነው ቢላት ወንድምህ ከዱንያ ምንም አይፈልግም አለችው። አቡ ደርዳእ ቤት ሲመጣ ለእንግዳው ምግብ አቀረበና እኔ ጾመኛ ነኝ አለ። ሰልማንም አንተ ካልበላህ እኔም አልበላም ብሎ እጁን ሰበሰበ። አቡ ደርዳእ በላ። ሌሊት ለሶላት ሊነሳ ሲል ሰልማን ተኛ አለው፤ ደግሞ ሊነሳ ሲል ተኛ አለው። የሌሊቱ መጨረሻ ሲደርስ ግን አሁን ተነሥ ብሎት ሁለቱም አብረው ሰገዱ። ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው ሰልማን ጌታውም፣ ነፍሱም፣ ቤተሰቡም እያንዳንዳቸው በሱ ላይ ሐቅ እንዳላቸው ነግሮ ለሁሉም ሐቃቸውን እንዲሰጥ የመከረው። ነገሩ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ሲነገራቸው ሰልማን እውነት ተናገረ አሉ።

ሶሐቦቹ ይህ በሽታ ነበረባቸው ማለቴ አይደለም፤ ሐሻ! እኔ ማስተዋል የምፈልገው ምክሩ የተሰጠበትን ቅደም ተከተል ነው። ሰልማን መጀመሪያ አየ። ቀጥሎ ከቤቱ ሰው ጠየቀ። ከዚያ አብሮ ለመብላት ተቀመጠ፣ አብሮም አደረ። ንግግሩ የመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ እሱም አጭር ነበር። እኔ ግን ለተማሪዬ ያደረግሁት የዚህን ተገላቢጦሽ ነው። ንግግሩን አስቀደምኩ፣ እሱንም አስረዘምኩ፣ አብሬያትም አልተቀመጥኩም።

ሌላው ምሳሌ የዐብደላህ ቢን ዐምር (ረዲየላሁ ዐንሁ) ነው። ወጣት ሳለ ቀኑን ሁሉ ይጾም፣ ሌሊቱን ሁሉ ይሰግድ ነበር። ሙሽራው ችላ እንዳላት የሰሙት አባቱ ለነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ነገሯቸው። ነቢዩ ጠርተው አልገሠጹትም። እንዲህ ከቀጠለ ዐይኑ ጎድጉዶ ነፍሱ እንደምትዝል ነገሩትና በወር ሦስት ቀን እንዲጾም መከሩት። ከዚህ የበለጠ እችላለሁ አለ። ጨመሩለት። አሁንም እችላለሁ አለ። በመጨረሻ የነቢዩ ዳውድን ጾም፣ አንድ ቀን ጾሞ አንድ ቀን ማፍጠርን ፈቀዱለትና ከዚህ የሚበልጥ የለም ብለው ድንበሩን ዘጉ። ዐብደላህ ሸምግሎ ጉልበቱ ሲደክም ያንን የነቢዩን ማቅለል በተቀበልኩ ኖሮ ብሎ ይቆጭ ነበር። እንግዲህ መካሪው ደረጃ በደረጃ ይሄዳል፤ ይሁንና ድንበሩን በግልጽ ያኖራል።

የራዚ ጥያቄ፣ የበልኺ መጽሐፍ

ምግብ የሚያሸንፈው ሰው በሁለት በኩል ነው። አንዱ ይሸሸዋል፣ ሌላው ማቆም አይችልም። በ925 እ.ኤ.አ. ያረፈው፣ የረይንና የባግዳድን ሆስፒታሎች የመራው ታላቁ ሐኪም አቡ በክር አል-ራዚ «አጢብ አሩሓኒ» ማለትም «መንፈሳዊ ሕክምና» የሚል መጽሐፍ አለው። በዚያ ውስጥ ስለ መብል ስስት በጻፈው ምዕራፍ አንድ ታሪክ ያወሳል። ባግዳድ ውስጥ አንድ መብል የሚበዛበት ሰው ከሱ ጋር ተምር ሊበላ ተቀመጠ። ራዚ በልክ በልቶ ተወ፤ ሰውየው ግን ሊጨርሰው ምንም አልቀረው። ሆዱ ከሞላ በኋላ ዐይኑ በቀሪው ላይ ሲንከራተት አይቶ ራዚ ነፍስህ ረካች ወይ ብሎ ጠየቀው። ሰውየው እንዳልረካና እንደገና ተርቦ ሣህኑ አዲስ ሆኖ ቢቀርብለት እንደሚመኝ ነገረው። ራዚም ምኞቱ ጠግበህም ካልለቀቀህ፣ ከመጥገብህ በፊት ብታቆም ቢያንስ የሆድህን ክብደትና ሕመም ታተርፍ አልነበረም ወይ አለው። ሰውየው ነገሩ ገባው፤ ጠቀመውም ይላል።

ራዚ ሰውየውን «ሆዳም» ብሎ አላዋረደውም። ጠየቀው፣ መልሱን ሰማ፣ ከራሱ መልስም መውጫውን አሳየው። ደግሞ ልብ በሉ፣ ይህ ምክር የተሰጠው በአንድ ሣህን ዙሪያ ነው።

በዚያው ዘመን በበልኽ አካባቢ፣ ዛሬ አፍጋኒስታን በምንለው አገር የተወለደው አቡ ዘይድ አል-በልኺ (የሞተው በ322 ሂጅራ፣ በ934 እ.ኤ.አ. ነው) «መሷሊሑል አብዳን ወል አንፉስ» የሚል መጽሐፍ ጻፈ፤ የአካላትና የነፍሶች ጥቅም እንደማለት ነው። የመጀመሪያው ክፍል ስለ ምግብ፣ ስለ መጠጥ፣ ስለ እንቅልፍና ስለመሳሰለው የአካል ጥበቃ ሲናገር፣ ሁለተኛው ስለ ቁጣ፣ ስለ ፍርሃት፣ ስለ ሐዘንና ስለ ወስዋስ ይናገራል። በዘመኑ የነበሩ ሐኪሞች በመድኃኒትና ደም በማውጣት ብቻ ተወስነው ነፍስን መርሳታቸውን ይነቅፋል። ሰው ከአካልና ከነፍስ የተገነባ ስለሆነ አንዱ ሲታመም ሌላው ያለ ጉዳት አይቀርም ይላል። ለድንገተኛ ሕመም መድኃኒት በቤት እንደሚቀመጥ ሁሉ፣ ሰው በደህናው ጊዜ ጤናማ ሐሳቦችን አጠራቅሞ ለክፉ ቀን እንዲይዝ ይመክራል። ወስዋስ የያዘውም ሰው ብቻውን እንዳይቀመጥ ያሳስባል፤ ብቸኝነት ክፉ ሐሳብን ያፋፍማልና።

ይህ መጽሐፍ ለብዙ መቶ ዓመታት ከጥቂት ሊቃውንት በቀር የሚያውቀው አልነበረም። በኢስታንቡል የተቀመጠው የእጅ ጽሑፍ በ1984 እ.ኤ.አ. በፉአት ሴዝጊን አማካይነት በፍራንክፈርት ታተመ። በ2021 እ.ኤ.አ. ያረፉት ሱዳናዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ማሊክ በድሪም የነፍሱን ክፍል ወደ እንግሊዝኛ መልሰው በ2013 እ.ኤ.አ. አሳተሙት።

ላም ነኝ ያለው ልዑል

ከራዚ በኋላ የመጣው ኢብኑ ሲና (በ1037 እ.ኤ.አ. የሞተ) ስለ አንድ ምግብ እምቢ ያለ በሽተኛ የሚነገርለት ታሪክ አለ። ታሪኩን የጻፈው በ12ኛው መቶ ዘመን የነበረው የሳመርቀንዱ ኒዛሚ ዐሩዲ ሲሆን፣ ከኢብኑ ሲና ሞት ከመቶ ዓመት በኋላ ስለተጻፈ እንደ ተረት የሚያዩትም አሉ። የቡወይህ ቤተሰብ የሆነ አንድ ወጣት ልዑል አእምሮው ታወከና ላም ነኝ አለ። እያገሣ እረዱኝ ይላል፤ እህል ውኃ አልቀምስ ብሎ ከሳ። ሐኪሞች ሁሉ አቃታቸው። ኢብኑ ሲና ግን ላም አይደለህም ብሎ አልተከራከረውም። ሊያርድህ ሥጋ ሻጭ እየመጣ ነው በሉት ብሎ ላከና ራሱ ቢላ ይዞ ገባ። ልዑሉ ተጋደመ፣ እጅና እግሩ ታሰረ። ኢብኑ ሲና ጎኑን ዳበስ ዳበስ አድርጎ ይህች ላም ከስታለች፣ ለእርድ አትሆንም፣ አብልታችሁ አወፍሯት አለ። ልዑሉ ለመታረድ ሲል መብላት ጀመረ፤ በምግቡም መድኃኒት ይሰጡት ነበር፤ በአንድ ወር ውስጥም ዳነ ይባላል።

ይህን ዘዴ ዛሬ ማንም ቤቱ ይሞክረው ማለቴ አይደለም። ትምህርቱ ግን ግልጽ ነው። የታመመን ሐሳብ በክርክር ማሸነፍ አይቻልም። «ወፈርኩ» የምትልን የከሳች ልጅ መስተዋት ፊት አቁሞ «የታለ ውፍረቱ?» ማለት ልዑሉን ላም አይደለህም እንደማለት ነው። እውነቱ ከኛ ጋር ነው፤ በሽተኛዋ ግን የምታየው በበሽታዋ ዐይን ነው።

ሕመሙ ስም ሲያገኝ

ከላይ ያየናቸው ሁሉ መንገዱን አመለከቱ እንጂ ይህን ሕመም ለይተው ስም አላወጡለትም። የኛዋን ልጅ ሁኔታ በሚመስል መልኩ ቁልጭ ያለ መግለጫ የምናገኘው በአውሮፓ ሐኪሞች ዘንድ ነው። የለንደኑ ሐኪም ሪቻርድ ሞርተን በ1689 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፍ ስለ አንዲት የ18 ዓመት ልጅና ስለ አንድ የ16 ዓመት ወንድ ልጅ ጻፈ። ሁለቱም ትኩሳትም ሆነ ሳል ሳይኖርባቸው ምግብ ትተው መንምነዋል። ልጅቱ ቆዳ የለበሰ አጽም እስክትመስል ከስታ መድኃኒቱንም ሰልችታ ተወችው፤ ከጥቂት ወራት በኋላም ሞተች። ወንዱ ልጅ ግን ትምህርቱን ትቶ ወደ ገጠር አየር እንዲሄድ፣ ፈረስ እንዲጋልብና ወተት እንዲጠጣ ተመክሮ ተሻለው። ስለዚህ ይህ የሴት ልጆች ብቻ ሕመም ነው የሚል ሰው ቢኖር ገና ከጥንቱ ተሳስቷል።

በ1873 እ.ኤ.አ. ሁለት ሐኪሞች፣ ላሴግ በፓሪስ፣ ጋል በለንደን፣ ስለዚሁ ሕመም ጻፉ። እስከ ዛሬ የሚጠራበትን «አኖሬክሲያ ነርቮሳ» የሚለውን ስም ያወጣው ጋል ነው። ላሴግ ደግሞ የቤተሰቡን ሁኔታ ተመለከተ። ቤተሰብ ሁለት መሣሪያ ብቻ አለው፣ እሱም ልመናና ዛቻ ነው፤ ሁለቱንም እስኪሰለች ድረስ ይጠቀምባቸዋል፣ ሁለቱም አይሠሩም ይላል። ይህን ሳነብ የተማሪዬ እናት ፊት ታወሰኝ። «እናትሽን ውደጂኝና ጉረሺ!» በመጀመሪያ፤ «ካልበላሽ ከቤቴ ውጪ!» በመጨረሻ። የስንቶቻችን ቤት ነው?

ጋል ዘመዶች ለእንዲህ ያለ በሽተኛ መጥፎ አስታማሚዎች ናቸው ብሎ ስላሰበ ልጆቹን ከቤተሰብ መለየት ለረጅም ጊዜ የተለመደ ሕክምና ሆነ። ወላጆችም በደለኞች ተደርገው ሲወቀሱ ኖሩ።

ረሀብ ራሱ አእምሮን እንደሚያውክ የታወቀው ደግሞ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ ነው። በአሜሪካ የሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ አንሰል ኪስ የተባለው ሊቅ በ1944 እና በ1945 እ.ኤ.አ. በ36 ፈቃደኛና ጤነኛ ወጣት ወንዶች ላይ ጥናት አደረገ። ምግባቸው ለስድስት ወር ያህል በግማሽ ገደማ ተቀነሰ። ወጣቶቹ ቁጡና ሐዘንተኛ ሆኑ፣ ከሰው ራቁ፣ ሌት ተቀን ስለ ምግብ ብቻ ያስቡ፣ የምግብ አሠራር መጻሕፍትን ያነቡ ጀመር። ምግብ ሲፈቀድላቸውም አንዳንዶቹ ማቆም አቃታቸው። እንግዲህ የራበው አእምሮ ምክር ለመስማትም አቅም ያጣል ማለት ነው። ሰልማን ማዕዱን ከምክሩ ያስቀደመበትን ጥበብ አስተውሉ።

በልቶ የሚያስመልሰውን ሕመም «ቡሊሚያ ነርቮሳ» ብሎ በ1979 እ.ኤ.አ. ለይቶ የጻፈው የለንደኑ ጄራልድ ራስል ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ክሪስቶፈር ፌርበርን የተባለው የኦክስፎርድ ሐኪም በሽተኛው ከመካሪው ጋር ሆኖ የሚበላበትን ሰዓት የሚያስተካክልበትን፣ የሚያስጨንቀውንም ሐሳብ እየመዘገበ የሚመረምርበትን የምክር ሕክምና አስተዋወቀ። አሳብ በአሳብ እንደሚታከም በልኺ ከሺህ ዓመት በፊት ማስተማሩን ልብ ይሏል።

ወላጆች ወደ ማዕዱ ተመለሱ

ከሁሉ የደነቀኝ የታሪኩ መጨረሻ ነው። በለንደን ሞድስሊ ሆስፒታል ራስልና ባልደረቦቹ በ1987 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጥናት፣ ሕመሙ ከ19 ዓመት በፊት የጀመራቸውና ያልቆየባቸው ልጆች ለብቻቸው ከሚመከሩ ይልቅ ከቤተሰባቸው ጋር ሲመከሩ የተሻለ እንደሚድኑ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ በተስፋፋው በዚህ ሕክምና ወላጆች ጥፋተኛ አይባሉም። የሕክምናው እጅና እግር ይሆናሉ እንጂ። ቤተሰቡ ምግቡን ይዞ ይመጣና መካሪው ባለበት ከልጁ ጋር በአንድ ማዕድ ይቀመጣል። ወላጆች ሳይሳደቡና ሳይለማመጡ፣ ግን ደግሞ ሳይለቁ ማብላትን ይማራሉ። ልጁ ሲበረታ ኃላፊነቱ ጥቂት በጥቂት ለራሱ ይመለስለታል። መቶ ዓመት ሙሉ ከበሽተኛው የተባረረው ቤተሰብ በመጨረሻ ወደ ማዕዱ ተጠራ።

በየቤታችን ምን እናድርግ?

አንደኛ፣ እንይ። ጅልባብ ሰውነትን ይሸፍናል፤ መክሳትንም ይሸፍናል። ብቻዋን እበላለሁ የምትል፣ እንደበላች ሽንት ቤት የምትገባ፣ በሙቀት የሚበርዳት፣ የወር አበባዋ የቀረ፣ ራሷን የምትስት ልጅ ካለች ነገሩ አመል አይደለም። ይህ ሕመም ከአእምሮ ሕመሞች ሁሉ ብዙ ከሚገድሉት አንዱ ነው። ስለዚህ በቅድሚያ ሐኪም ይያት፤ የአእምሮ ሕክምና ወዳለበትም ሆስፒታል ትላክ። ለረጅም ጊዜ የተራበን ሰው በአንድ ጊዜ ብዙ ማብላት ልብን ሊጎዳ ስለሚችል አጀማመሩ ራሱ የሐኪም ክትትል ይፈልጋል። ሩቅያ የሚያስደርግ ያስደርግ፤ ግን ሐኪሙን በሩቅያ አይተካ።

ሁለተኛ፣ ጾምን የበሽታ መሸሸጊያ አናድርገው። አላህ (ሱ.ወ.) በቁርኣን ለበሽተኛ የረመዳንን ጾም እንኳ አቅልሎለታል። ፈርዱ የቀለለለት ሰው በሱና ጾም ነፍሱን ሊያጠፋ እንዴት ይፈቀድለታል? የረመዳኑን ነገር ሐኪምና ዓሊም ተመካክረው ይንገሩት። እኛ አስተማሪዎችም አንድን ልጅ በጾሙ ብዛት በሰው ፊት ከማመስገን እንቆጠብ።

ሦስተኛ፣ ምላሳችንን እንጠብቅ። በሠርግም በሶደቃም ስንገናኝ «ወፈርሽ»፣ «ከሳሽ»፣ «ማን ያገባሻል?» የምንለው እንደ ሰላምታ ይመስለናል። ለአንዳንዷ ልጅ ግን የበሽታው መጀመሪያ እሱ ነው። ጉርሻችንም ቢሆን የፍቅር እንጂ የግዳጅ አይሁን።

አራተኛ፣ አብረን እንብላ። እናታችን ዓኢሻ (ረዲየላሁ ዐንሃ) ከዘመዶቿ ሰው ሲሞት ለቅሶኛው ተበትኖ የቅርብ ሰዎች ሲቀሩ ተልቢና አሠርታ ታበላቸው ነበር። ተልቢና የኛን የገብስ አጥሚት የሚመስል ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) የበሽተኛን ልብ እንደሚያሳርፍና ከሐዘንም ጥቂቱን እንደሚያነሳ መናገራቸውን ታወሳ ነበር።

የተማሪዬን ነገር ልጨርስ። ወደ ሐኪም ተወሰደች፤ በየሳምንቱም ከመካሪ ጋር ትነጋገር ጀመር። በቤት ውስጥ የረዳቻት አያቷ ናት። በየምግቡ ሰዓት ከጎኗ ትቀመጣለች፤ ስለ ምግብ አንዳች ሳትናገር የድሮ ታሪክ እያወራች እኩል ትበላለች። ከበሉ በኋላም ልጅቱ ብቻዋን እንዳትሆን ቡና ያፈላሉ። መዳኗ ከአንድ ዓመት በላይ ፈጀ፤ መመላለስም ነበረው። እኔም ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። «ኡስታዝ፣ እርስዎ አላወቁም» አለችኝ። እውነት ነው፣ አላወቅሁም ነበር። ይህን ያነበበ ወላጅና አስተማሪ ግን ከዛሬ ጀምሮ አላወቅሁም አይልም።

አላህ የታመሙትን ያሽርልን፣ ማዕዳችንንም የእርቅና የጤና ማዕድ ያድርግልን። አሚን።